ውሃ የምትጠጣው ጀልባ

ጥር 6
በበረዶ ፋብሪካው ዛሬም ግማሽ ቀን ብቻ ሠራን። ዓሣ ከሌለ በረዶ ማን ይገዛል? ሐይቁ ድሮ ደጃችን ነበር፤ አሁን ለማየት ጣሪያ ላይ መውጣት ነው።

ቤት ስገባ አባዬ አትክልት ያጠብንበትን ውሃ በባልዲ ይዞ ወደ ጓሮ ወጣና... እዚያ የቆመችው ጀልባ ውስጥ ገለበጠው! ዕድሜውን ሙሉ ከጀልባ ውሃ ሲጨልፍ የኖረ ሰው። ፀሐይ መታው እንዴ?

ጥር 7
ጠየቅኩት።

"እንጨቷ ከደረቀ ትሰነጠቃለች። ከተሰነጠቀች ጀልባ መሆኗ ቀረ።"

"ሐይቁ ላይመለስ ይችላል እኮ፣ አባዬ።"

"እሱን ባለቤቱ ያውቃል። የኔ ሥራ ባልዲው ነው።"

ጥር 15
ሲያፈስ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት ነው? ምን እያለ? ጠጋ ስል ባልዲውን አንስቶ ገባ። ጉድ እኮ ነው። እኔ ፋብሪካው ሊዘጋ ነው ከተባለ ወዲህ ጸሎት ከየት እንደሚጀመር ጠፍቶኛል።

የካቲት 2
ተዘጋ። እህቴ "ሁለታችሁም ከተማ ኑ" ትላለች። አባዬ "ጀልባዋንስ ለማን ትቼ?" ብሎ ድርቅ አለ። አናጢውን አነጋገርኩት፤ እንጨቷ ለአልጋ ይሆናል አለ። እሑድ መጥቶ ሊፈታት ነው። ለአባዬ አልነገርኩትም።

የካቲት 5
አባዬን ወገቡን ያዘው። "ዛሬ አንቺ አፍሺላት።" እያጉረመረምኩ ወጣሁ። ልክ ስደርስ ከጀልባዋ ውስጥ ወፎች ብር አሉ። የሐይቁ ወፎች! ጠፉ ስንል እዚህ ሲጠጡ ኖረዋል?

ሮጬ ነገርኩት። ሳቀ፣ ወገቡን አመመው፣ እንደገና ሳቀ።

"ስታፈስ ምንድን ነው የምትለው ግን?"

"'ዛሬም ባልዲዬን ይዤ መጥቻለሁ' እላለሁ።"

"በቃ?"

"ሌላውን እሱ ይጨምርበት።"

የካቲት 8
አናጢው መጋዙን ይዞ መጣ። ዞራት፣ ጎኗን አንኳኳ። "አንድ ስንጥቅ የላትም! አሁን ውሃ ላይ ብትጥያት ትሄዳለች።"

"እንግዲያው አትነካትም።"

"ምነው፣ አንቺው አይደለሽ የጠራሽኝ?" ግራ ገባው ሰውዬው። ይቅርታ ጠይቄ ሸኘሁት።

ሥራ የለኝም። ዓሣ የለም። ሐይቁም እዚያው ርቆ ነው ያለው። ለእህቴ ምን እንደምላት እንጃ... ታዲያ ለምንድን ነው ደስ ያለኝ?

የአባዬ ወገብ ገና አልተሻለውም። ባልዲውን ይዤ ወጣሁ። "ዛሬም ባልዲዬን ይዤ መጥቻለሁ" አልኩ፤ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ወፎቹ ጣሪያው ላይ ሆነው እስክሄድላቸው ይጠብቁ ነበር።