የቦዩ አፍ ክፍት አልነበረም

ለከተማ ጽዳትና ጎርፍ መከላከል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኔ 4

ጉዳዩ፦ በላይኛው መደዳ በቤት ቁጥር 17 ደጃፍ የሚገኘው የጎርፍ ቦይ አፍ ሰኔ 15 ቀን እንዳይደፈን፣ ለውሳኔው መነሻ የሆነውም ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የተሰጠ ቃል እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገር አስቀድሜ እጽፋለሁ፤ ወደ ኋላ ካቆየሁት ልቤ ይከዳኛል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በነሐሴ ወር፣ ጎርፍ የታችኛውን መደዳ ባጥለቀለቀበት ቀን በደጃፌ ያለው የቦይ አፍ ክፍት አልነበረም። ተደፍኖ ነበር። የደፈንኩት እኔ ነኝ። በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ግን "ክፍት ነበር" ተብሎ ተጽፏል። ያንን ቃል የሰጠው ባለቤቴ ነው፤ ቃሉም እውነት አይደለም። አሁን ጽሕፈት ቤቱ ይህንኑ ቃል ይዞ አፉን ለዘለቄታው ሊደፍነው ስለሆነ፣ ዝም ማለት ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

1. ባለቤቴ በጽሕፈት ቤታችሁ በመለያ ቁጥር 41 አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቦይ ጠራጊ ሆኖ አገልግሏል። ሰፈሩ የሚያውቀው "ጋሽ አካፋ" በሚል ስም ነው፤ አካፋውን ከትከሻው ሳያወርድ ሰላምታ ስለሚሰጥ ነው እንዲህ ያሉት። ከአራት ዓመት በፊት አርፏል። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት እሱ ካረፈ በኋላ ለብቻዬ፣ ከመድኃኒት ማሸጊያ፣ ከሱቅ ሰሌዳና እናንተ ከምትለጥፉት ማስታወቂያ ነው። ስለዚህ በአጻጻፌ ጉድለት ቢያገኙ ይለፉኝ፤ በነገሩ ላይ ግን ጉድለት እንዳይኖር ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ።

2. ቦታውን ላላየው ሰው እንዲገባ እንዲህ ነው። ከላይኛው መንገድ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ሁሉ በግንቡ ጥግ ተሰብስቦ እኔ ደጃፍ ይደርሳል። እዚያ አፉ ይቀበለውና በመንገዱ ሥር አልፎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። አፉ ካልተቀበለው ሌላ መሄጃ የለውም፤ ሰባቱን የድንጋይ ደረጃዎች ወርዶ የታችኛው መደዳ አሥራ ሁለት ቤቶች ውስጥ ይገባል። የእኔ ቤት ከፍ ስላለ እግሬን እንኳ አይነካኝም። ይህንን ልብ ይበሉልኝ፤ ባጠፋሁት ጥፋት የእኔ ምንጣፍ አልረጠበም።

3. የደፈንኩበትን ምክንያት መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ሆኖም ያለ እሱ ነገሩ ሙሉ አይሆንም። ታላቅ ወንድሜ ቦይ ጠራጊ ማግባቴን አልወደደውም ነበር። ለስምንት ዓመት ቤቴን አልረገጠም። በዚያ ነሐሴ ማክሰኞ ቀን እመጣለሁ ብሎ ላከብኝ። የቦዩ ሽታ በክረምት ቤት ድረስ ይገባል። ባለቤቴ እስከ ረቡዕ በሌላ ቀጠና ተመድቦ እዚያው ያድር ስለነበር፣ ሰኞ ዕለት ከጓሮ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንከባልዬ አፉ ላይ ጫንኩና ዙሪያውን በሲሚንቶ በነከርኩት ጨርቅ ጠቀጠቅሁት። ሲሚንቶው የመሥሪያ ቤት ትርፍ ነበር፤ ባለቤቴ ደጃፋችንን ሊጠግንበት ያስቀመጠው ነው።

ወንድሜ መጣ፣ አደረ፣ ረቡዕ ጠዋት በሰላም ሄደ። ቤትሽ ደህና ነው አለኝ። ድንጋዩን ያን ጊዜውኑ ማንሳት ነበረብኝ። አላነሳሁትም። ሽታ በሌለው ቤት አንድ ቀን መቀመጥ አማረኝ፤ ነገ አነሳዋለሁ አልኩ። በዚያው ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ።

4. ውሃው ደረጃውን ሲወርድ ከደጄ ቆሜ አይቻለሁ። ድንጋዩን ላነሳ ሞከርኩ፤ ሲሚንቶው ይዞት ነበር፣ ውሃውም ከላይ ተጫነው። ሮጬ ወደ ታች ወረድኩና እዚያ ከምትኖር አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ከሰዎች ጋር ውሃውን እየቀዳሁ ወደ ውጭ መድፋት ጀመርኩ። የመጸዳጃ ጉድጓዶቹ ሞልተው ከጎርፉ ጋር ተቀላቅለው ነበር፤ የጋራው ውሃ መቅጃም ሰምጦ ነበር። ሲመሽ ወደ ቤቴ ስመለስ አፉ ተከፍቷል፤ ድንጋዩ ግቢዬ ውስጥ ቧንቧው ሥር ተቀምጧል። ባለቤቴ ጭቃ እንደለበሰ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ምንም ሳልጠይቀው እንዲህ አለኝ፦

"ልብስ ማጠቢያ ድንጋይ አምጥቼልሻለሁ።"

ከዚያ ወዲያ ስለ ድንጋዩ አንድም ቃል በመካከላችን አልተነሳም። ጎርፍ ገፍቶት ያገኘው መስሎት ይሆናል እያልኩ ራሴን እያታለልኩ ኖርኩ። በዚያ ድንጋይ ላይ ሰባት ዓመት የእሱን ልብስ አጥቤበታለሁ።

5. በሳምንቱ ውስጥ ከታችኛው መደዳ ሃያ ሦስት ሰዎች በተቅማጥና በትውከት ታመሙ። ጤና ጣቢያው መዝግቦታል። ሃያ ሁለቱ ዳኑ። ያልዳነችው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነበር። እናቷ ከስፌት መኪናው ሥር የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመች ለመንደሩ ልጆች ሁሉ የእጅ ቦርሳ ትሰፋ ነበር። ለእኔም ሰፍታልኛለች፤ ቁልፌን እስከ ዛሬ በእሱ እይዛለሁ።

6. ጽሕፈት ቤቱ ኮሚቴ ልኮ አጣራ። ኮሚቴው ያገኘው ባለቤቴ ወደ ሌላው ቀጠና ከመሄዱ በፊት ከቦዩ አውጥቶ ዳር ላይ የተወውን የደለል ክምር ነው። እንደሚያውቁት ከቦይ የወጣ ጭቃ እርጥብ ሳለ ጋሪ ላይ አይጫንም፤ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ሁለት ቀን ዳር ላይ ይቆያል። ጠራጊዎች ሁሉ የሚሠሩት እንዲህ ነው፤ አለቆቻቸውም ያውቃሉ። ዝናቡ የክምሩን ግማሽ ጠርጎ ስለወሰደው፣ ደለሉ ተመልሶ ቦዩን ከአፉ በታች ዘጋ ተባለ። ባለቤቴ አዎ አለ። ከቦይ ጥረጋ ተነስቶ ወደ መጋዘን ጥበቃ ተዛወረ።

ደብዳቤው የመጣ ቀን አንብብልኝ አልኩት። "ወደ መጋዘን ተዛውረሃል ይላል፤ በቃ" አለኝ። ገጽ ተኩል የሞላ ጽሑፍ ነበርና ይህ ሁሉ ቀለም ይህን ብቻ ነው ወይ የሚለው ብዬ ጠየቅሁት። መሥሪያ ቤት እንደሆነ ወሬ ያበዛል ብሎ ሳቀና አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ከተተው።

7. ልብስ ሰፊዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለባለቤቴ ሰላምታ ነፈገችው። እሱ ግን በደጇ ባለፈ ቁጥር አካፋ በሌለው ትከሻው ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳ ነበር። ከእኔ ጋር አልተኳረፈችም። እንዲያውም ታዝንልኝ ነበር። አንድ ቀን ቀሚሴን እየለካች፣ መርፌውን በጥርሷ እንደያዘች፣ "አንቺ ምን በወጣሽ እህቴ፤ የእሱ ስንፍና አንቺን አይነካሽም" አለችኝ። ያን ጊዜ አፌን መክፈት ነበረብኝ። ቀሚሱ ወገቡ ላይ ይጥበብልኝ አልኳት።

8. ባለፈው ጥቅምት፣ ረጅም ጽሑፍ ማንበብ ከቻልኩ በኋላ፣ ደብዳቤውን ከሳጥኑ አወጣሁት። ጣቴን ከሥሩ እያስኬድኩ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ "በቤት ቁጥር 17 ደጃፍ ያለው የቦይ አፍ በዕለቱ ተደፍኖ እንደነበር ከአንድ መንገደኛ ጥቆማ ቢደርስም፣ አፉ ክፍት እንደነበረ ሠራተኛው ራሱ በፊርማው አረጋግጧል።"

ይህን መስመር ሳያነብልኝ ዘለለው። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ድንጋዩን በእጁ ነቅሎ፣ በሲሚንቶ የተነከረውን የራሴን የሽርጥ ጨርቅ አይቶ፣ ማን እንደደፈነው አውቆ ነው የፈረመው። ክቡር ኃላፊ፣ ያ ሰው በሕይወቱ ሲዋሽ የማውቀው ይህን አንዱን ብቻ ነው።

9. ወደ ዛሬው ጉዳይ ልመለስ። ባለፈው ወር በአዳራሹ በተደረገው የነዋሪዎች ስብሰባ የጤና ባለሙያዋ የቦዩ አፍ የትንኝ መራቢያ መሆኑን አስረዳች። እውነቷን ነው። ቤት ለቤት እየዞረች በላይኛው መደዳ ብቻ አራት በወባ የታመሙ ሰዎች አግኝታለች። ከኋላዬ የተቀመጠው አናጢ ይህ ጽሕፈት ቤት ትንኝን የሚገድለው በስብሰባ ነው ብሎ ሰው አሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም፤ ሥራዋን የምትወድ ልጅ ናት። ከዚያ መሐንዲሱ ተነሥቶ አፉ በኮንክሪት ቢደፈን ጉዳት እንደሌለው ተናገረ። ማስረጃውንም ከአሮጌው መዝገብ አነበበ፦ በዚያ ጎርፍ አፉ ክፍት ሆኖ ሳለም ውስጡ በጥቂት ደለል ተዘግቶ ውሃው ወደ ታች ወርዷል፤ ስለዚህ አፉ የሚሰጠው ጥቅም የለም።

ሰው ሁሉ በስምምነት ራሱን ነቀነቀ። ልብስ ሰፊዋ እጇን አውጥታ ይደፈን አለች። ሁለተኛ ልጇ በዚያው በታችኛው መደዳ ከእሷ ጋር ትኖራለች፤ ከወለደች ሁለት ወሯ ነው። እኔም እጄን አወጣሁ። ሰብሳቢው እናት ይናገሩ ሲለኝ ብርድ ነው፣ መስኮቱ ይዘጋ አልኩ። መስኮቱን ዘጉልኝ።

10. ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ የያዘው ማስረጃ የተገለበጠ ነው። አፉ ሲደፈን ምን እንደሚሆን ይህች ከተማ አንድ ጊዜ አይታለች፤ የታየውም በእኔ እጅ ነው። በቃሌ ብቻ እንዲያምኑኝ አልለምንም። የአፉ ከንፈር ላይ የሲሚንቶው ቅሪት እስከ ዛሬ ተጣብቆ አለ። የድንጋዩም ጠርዝ ላይ አለ። መሐንዲሱ መጥቶ ድንጋዩን ቢገጥመው ይገጥማል፤ እኔ ባለፈው እሑድ ገጥሜ አይቼዋለሁ።

11. የትንኙን ነገር ቀላል አላደርገውም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ደጋግሞ የሚናገረው ነገር ነበር፦ ትንኝ በሚሄድ ውሃ አትፈለፈልም፣ የምትፈለፈለው በተኛ ውሃ ነው። ከአፉ ሥር፣ ቱቦው ከሚጀምርበት ዝቅ ብሎ፣ አንድ ክንድ የሚያህል ጎድጓዳ አለ። ዝናብ ካባራ በኋላ ውሃ የሚተኛው እዚያ ነው። እዚያ ጎድጓዳ ላይ ኮንክሪት ተሞልቶ ወደ ቱቦው ተዳፋት ቢደረግለት ትንኟም ሽታውም መኖሪያ ያጣሉ። እሱ ይህንን ለአለቆቹ በቃል አመልክቶ ነበር። ለአፉ የተዘጋጀው ኮንክሪት ለጎድጓዳው ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

በመሆኑም በትሕትና የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ) ሰኔ 15 ቀን ሊሠራ የታቀደው የመድፈን ሥራ ቦታው በመሐንዲስ እስኪታይ ድረስ እንዲቆም። ክረምቱ ደጃፍ ላይ ነውና ይህ ከሁሉ ይቅደም።

ለ) አፉ በብረት ፍርግርግ እንዲከደን፣ ሥሩ ያለው ጎድጓዳም እንዲሞላ። በክረምት ወራት ፍርግርጉ ላይ የሚከማቸውን ቆሻሻ በየቀኑ ማንሳት በእኔ ላይ ይሁን። ወገቤ ገና ይታዘዘኛል፤ አካፋውም አልተሸጠም።

ሐ) በባለቤቴ ማህደር ላይ የሰፈረው የጥፋተኝነት ቃል እንዲነሳ። የሐሰት ምስክርነት መስጠቱን አልክድም፤ እሱ እንዳለ ይጻፍ። ስንፍናው ግን የእሱ አልነበረም፤ ይሰረዝ።

መ) እኔ ባደረስኩት ጉዳት ሕግ የሚጠይቀኝ ነገር ካለ በዚሁ አድራሻ እገኛለሁ። ጠዋት ጠዋት የቦዩ አፍ ዘንድ፣ ከዚያ በኋላ ቤቴ ነኝ።

ይህ ጽሑፍ በሰሌዳ ላይ እንዳይለጠፍ አልጠይቅም። ሆኖም ሌላ ሰው ከሰሌዳ አንብቦ ሳይነግራት በፊት አስቀድማ ልትሰማው የሚገባት አንዲት ሴት ስላለች፣ ጽሑፉ ወደ እርስዎ የሚመጣው እሷ ከሰማችው በኋላ ነው። ዘግይቶ ከደረሰዎ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ከአክብሮትና ከዘገየ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሠራተኛ መለያ ቁጥር 41 ሚስት የነበርኩ
ላይኛው መደዳ፣ ቤት ቁጥር 17

ግልባጭ፦

ለጤና ጣቢያው የማኅበረሰብ ጤና ክፍል

ለመለያ ቁጥር 41 የግል ማህደር

ለልብስ ሰፊዋ፣ ታችኛው መደዳ፣ ቤት ቁጥር 6። ማንበብ ስለማትችል በእጄ ወስጄ እኔው አነብላታለሁ፤ አንድም መስመር ሳልዘል።