መርዶሽን ያነበብኩበት ክረምት

እማዬ፣

አፈር ከለበስሽ ዓመት ከአሥራ አንድ ቀን ሆነሽ። ቤቱ እንዳለ ነው። የአባዬ ጆሮ ደክሞ ሬዲዮኑን መንገደኛ እስኪሰማው ድረስ ይከፍተዋል። ወንድሜ ደምሴ አግብቶ በጓሮ በኩል ያለውን ክፍል ይዟል። ሚስቱ ደግ ልጅ ናት፤ ጌሾሽን ኮትኩታ አልምታዋለች። እኔም እዚሁ መካነ ሰላም አስተምራለሁ። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልሽ ዋናውን ላለመናገር ነው፤ ታውቂኛለሽ።

ዋናው ያ ክረምት ነው።

ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ሥራ በዝቶብኝ አያውቅም። ደሴ ካለችው ጓደኛዬ ከሒሩት ጋር የመሠረትናት አሳታሚ፣ ሁለት ሰውና አንድ ኮምፒውተር የሆነችው፣ በአንድ ክረምት ሦስት መጽሐፍ ልታወጣ ተነሳች። ሁለቱ የሴቶች ግጥሞች ነበሩ፤ እኔ ነበርኩ የማርማቸው። ሦስተኛው የራሴ ነው፤ ዓረብ አገር ሠርተው ስለተመለሱ የእኛ የወሎ ቦረና ሴቶች። ስድስቱን አነጋግሬ ጨርሼ ነበር። የቀረሽኝ አንቺ ነበርሽ።

ምስር እየለቀምሽ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ አወራሽልኝ፤ ስላጠብሽው ደረጃ፣ ወጥ ቤት ወለል ላይ ስለተኛሽበት ፍራሽ። በሦስተኛው ቀን ድምፅሽን የምቀዳበትን ስልክ ዝጊው አልሽኝ። ዘጋሁት። ያኔ የሰናይትን ነገር ነገርሽኝ።

ታናሽ እህቴ ሰናይት በአራት ዓመቷ ስትሞት አንቺ ጅዳ ነበርሽ። አገሩ የሚያውቀው እንዳልሰማሽ ነው። ሰው አገር ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ማን አይዞሽ ይላታል ተብሎ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመለሺ ጎረቤቱ በማለዳ ተሰብስቦ መጣ። ያረዱሽ እትዬ የሺ ነበሩ። መሬት ላይ ስትወድቂ አንስተው አቀፉሽ፤ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» እያሉ ይዘውሽ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ እንደ እናት ልጅ ሆናችሁ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ የምትሄዱት በአንድ ጃንጥላ ነበር።

ለካ አባዬ ልጅቱ በሞተች ዕለት ደውሎልሽ ነበር። አሠሪዎችሽ ከሄድሽ አትመለሺም ብለውሽ ስለነበር፣ «ቅበሯት። እኔ ብመጣ እሷ አትነሳም፤ ብቆይ የቀሩት ይማራሉ» አልሽው። ሁለት ዓመት ብቻሽን አለቀስሽ፤ ሲያረዱሽ ደግሞ አዲስ እንደሰማ ሰው ሆንሽ። ይህን እንዳልጽፈው ለመንሽኝ። እሺ አልኩሽ።

በነጋታው ጻፍኩት። ስምሽን ቀየርኩ፤ ጅዳን ኩዌት አደረግኩ። እጄ ሲሮጥልኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን ካንቺ አልደብቅም። ከመጽሐፉ ሁሉ የተሻለው ምዕራፍ እሱ እንደሆነ ገና ሳልጨርሰው አውቄ ነበር። ይማራሉ ካልሻቸው አንዷ እኔ ነኝ፤ የተማርኩት ለዚህ ሆነ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ መጻሕፍቱ ከደሴ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ በላስቲክ ተጠቅልለው መጡ። በከተማው አዳራሽ አስመረቅናቸው። አንቺ አዲስ ነጠላሽን ለብሰሽ ከእትዬ የሺ ጋር ፊት ተቀመጥሽ። ላነብ ያሰብኩት ሌላ ምዕራፍ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ሳየው ግን ምርጡን ማንበብ አማረኝ።

መሃል ላይ ስደርስ የሴቶቹ ሹክሹክታ ቆመ። ስም መቀየሬ ምን ሊጠቅም፤ የልጇን መርዶ ከሁለት ዓመት በኋላ የሰማች ሴት በመካነ ሰላም ስንት አለች? ስጨርስ ከኋላ የነበሩት መምህራን አጨበጨቡ። እትዬ የሺ ወደ አንቺ ዞሩ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣

«ታዲያ ያን ለት ያቀፍኩት ማንን ነበር?» አሉሽ።

ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ብቻሽን ወንበሩ ላይ ስትቀሪ አየሁሽ። እኔ ግን መጽሐፍ ላይ እየፈረምኩ ነበር፤ ተሰልፈው የሚጠብቁኝ ሰዎች ነበሩ።

ነሐሴ ገባ። ፍልሰታን ሙሉ ዝናብ እየመታሽ ብቻሽን ቅዳሴ ሄድሽ፤ ሲያበቃም የሚጠብቅሽ ጠፋ። ቤት ውስጥ አልተቆጣሽኝም። ምግቤን ታቀርቢልኛለሽ፤ ስለ መጽሐፉ ግን ቃል አልተነፈስሽም። ያልፍላታል ብዬ ተውኩሽ። የግጥሞቹ እርማት አላለቀም ነበር፤ በዚያ ላይ አቀስታ ከተማ መጥቼ እንዳነብላቸው ጋበዙኝ።

አቀስታ ሳለሁ ደምሴ ደወለ። ሳልሽ እንደበረታ፣ ትምጣልኝ እንዳልሽ ነገረኝ። ነገ ካነበብኩ በኋላ እመጣለሁ አልኩት። በማግስቱ ያንኑ ምዕራፍ አነበብኩ። ጋቢ የለበሱ ሴቶች አለቀሱ፤ ማልቀሳቸው ደስ አለኝ።

ስደርስ የሳንባ ምች ጥሎሽ ነበር። ሐኪሙ በዚያ መንገድ ደሴ ድረስ አትችልም አለ።

«ድምፅሽ ያምራል» አልሽኝ። ትንፋሽሽን ሰብስበሽ፣ «ሌላ ነገር ባነበብሽበት» አልሽ።

በሦስተኛው ቀን ሞትሽ። ዕድሩ ወጉን አደረሰ። እትዬ የሺ ቀብሩ ላይ ከሩቅ ቆመው ነበር።

መጽሐፉ ወዲያው አለቀ። ሒሩት በድጋሚ እናትመው ስትለኝ ምዕራፉ ይውጣ አልኳት። እሱ ከወጣ ምን ቀረ ብላ ተሟገተችኝ፤ በመጨረሻ አወጣነው። ምን ዋጋ አለው፤ ሰው ከድሮው እትም ላይ ያን ምዕራፍ ብቻ ፎቶ ኮፒ ያስነሳል። አንድ ቀን ከተማሪዎቼ አንዷ ታሪኩ እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ልብ ወለድ ነው አልኳት። አንዴ እውነትሽን አደባባይ አወጣሁት፤ ኋላ ደግሞ ካድኩት።

ከሙት ዓመትሽ በፊት እትዬ የሺ ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሱኝ። «እኔን ምን በደልሽኝ፤ ሄደሽ እሷን ጠይቂ» አሉኝ። ይኸው መጠየቄ ነው። ይቅር እንደማትይኝም፣ ይቅር እንዳልሽኝም የሚነግረኝ ሰው የለም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በመጨረሻው ቀን አባዬ ቄሱን ሊጠራ እንደወጣ፣ ስለ ሰናይት ሌላ ነገር ነገርሽኝ፤ ለአባዬም ነግረሽው የማታውቂውን። ያን ጊዜ እንዳትጽፊው አላልሽኝም። ለምን ለእኔ እንደነገርሽኝ ብዙ አስቤበታለሁ። አምነሽኝ ነው ብዬ ራሴን ላታልል አልፈልግም፤ አጠገብሽ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው።

ሒሩት ዘንድሮ ምን እየጻፍሽ ነው ትለኛለች። ምንም እላታለሁ። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ግን ያልሽኝን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በልቤ እለዋለሁ፤ አንድ ቃል እንዳይጠፋብኝ፣ አንድ ቃልም እንዳልጨምርበት። እስከ ዕለተ ሞቴ እይዘዋለሁ፤ የዚያን ቀን አብሮኝ ይቀበራል።

ልጅሽ