የማር ቀፎ ተብሎ ስለተመዘገበው የሌሊት ወፍ ቤት

ለተከበሩ አቶ ማስረሻ ክንፈ
የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ የወባ ትንኝም የመኝታ ቤትዎን መስኮት አትወቅብዎ። እኔ ቦዔዝ ነገሪ እባላለሁ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስሆን ባለፈው ጥቅምት በወባ የሞተችው የቃናኒ ነገሪ ታናሽ ወንድም ነኝ። ማንጎ ዛፋችን ላይ የቀረውን አንድ ሣጥን እንድናወርድ ጽሕፈት ቤትዎ የሰጠን ጊዜ ዓርብ ያበቃል። ስለዚህ ሥራ በበዛብዎት ሰዓት ጊዜዎን ስለምሻማ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ያሉብኝን ምስጋናዎች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. እህቴን ንብ አርቢ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። ቃናኒ ባለፈው በጋ አናጺ ቤት ለምና ባመጣችው ቁርጥራጭ ጣውላ ሦስት ጠባብ ሣጥኖች ሠራች። ጣሪያቸውን በቀርከሃ ከደነች፤ የሌሊት ወፍ በጥፍሯ ቆንጥጣ እንድትይዘው ውስጡን በቢላ እየቧጠጠች አሻከረችው፤ የሌሊት ወፍ ከታች ገብታ ተዘቅዝቃ ስለምትተኛ ከሥር ክፍት ተወችው። ሐሳቧ ትንንሾቹ የሌሊት ወፎች ጓሯችንን ለምደው ከበቆሎው ላይ የእሳት ራቱን፣ ከባሚያው መሐል ትንኙን እንዲለቅሙልን ነበር። በእኛ አገር ግን ዛፍ ላይ የተሰቀለ ሣጥን ሁሉ ቀፎ ነው። ንብ አርቢው ጎረቤታችን ጋሽ ጀዕፈር እንኳ አንጋጦ አየና «ወላሂ ልጄ፣ ይሄ ቀፎ ሱሪ የለውም፤ ማሩ መሬት ነው የሚወርደው» አላት። ከዚያ ወዲህ በአጥራችን ባለፈ ቁጥር «ሱሪውን ሰፋሽለት ወይ?» ሳይላት አያልፍም ነበር። የእርስዎ ባለሙያ መጥቶ ሲጠይቃት የምን ቤት እንደሆነ አንድ በአንድ አስረዳችው። እሱም በትሕትና አዳምጦ «ገብቶኛል እህቴ፣ ግን ለሪፖርት ቀፎ ማለት ይቀላል» አላትና «ዘመናዊ ቀፎ፣ ሦስት» ብሎ ጽፎ ሄደ። ቃናኒ ይህን እያስታወሰች ሳምንቱን ሙሉ ስትስቅ ሰነበተች።

2ኛ. በለቅሶው ድንኳን ተገኝተው ስላጽናኑን እናመሰግናለን። ሣጥኖቹ በጋውንም ክረምቱንም ባዶ ነበሩ። ቃናኒ ፀሐይ ስትጠልቅ ከዛፉ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃቸው ነበር፤ አባቴ «ልጄ፣ ግቢ» ሲላት «አንድ ጊዜ አባ፣ ዛሬ ይመጣሉ» ትለው ነበር። እርስዎም ይህን ሰምተው ኖሮ፣ ምሳ ከበሉ በኋላ አጠገብዎ ለነበሩት ሰዎች «ያ ሣጥን ነው የበላት፤ እዚያ ተቀምጣ ነው የተነደፈችው» አሉ። እናቴ ከኋላዎ ውኃ እየቀዳች ነበር። የት እንደተነደፈች እኔ አላውቅም፤ እርስዎ ስላወቁልን ግን ማጣራቱ ቀረልን።

3ኛ. ለአጎበሩም እናመሰግናለን፤ እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ መጻፍ ስላቃተኝ ቁሜ ነው የምጽፈው። አጎበሩ ገና ክረምቱ ሳይወጣ መጥቶ መጋዘንዎ ገብቶ ነበር፤ የጫኑት የሰፈራችን ልጆች፣ ያወረዱትም እነሱው ናቸው። ሆኖም አጎበሩን የለገሱት እንግዶች በኅዳር ስለሚመጡ በእነሱ እጅ ቢታደልና ፎቶ ቢነሳ ያምራል ተብሎ ተቀመጠ። እውነትም አማረ። እኛም በቤተሰባችን ቁጥር ልክ ተሰጠን፤ ቁጥሩ የአምና ስለነበረ አንድ ተረፈን። እናቴ አጣጥፋ ከቃናኒ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጋር አስቀመጠችው።

4ኛ. «ዘመናዊ ቀፎዎቹን» እንዲያዩ እንግዶቹን ወደ ጓሯችን ስላመጡልን እናመሰግናለን። የሌሊት ወፎቹ ቃናኒ ከተቀበረች በኋላ፣ ለቀስተኛው ተበትኖ ግቢው ጭር ባለ ሰሞን መጥተው አንደኛው ሣጥን ውስጥ ገብተዋል። አባቴ ይህን ሊነግርዎ ሲጀምር «ቆይ አቶ ነገሪ፣ ንግግሩ ይደርሳል» ብለውት ወደ መሰላሉ አለፉ። እንግዶቹ ዳቦ በእጃቸው ይዘው ማሩን እየጠበቁ ነበር፤ አንዲት ሴት ከሥር ትሪ ይዛለች። እርስዎ ሣጥኑን መታ መታ ሲያደርጉት ትሪው ላይ የወረደውን ጥቁርና ደረቅ ነገር ከእንግዶቹ አንዱ በጣታቸው ነክተው አሸተቱት እንጂ፣ ጌታ ይመስገን፣ አልቀመሱትም። ከዚያ በቀን ብርሃን የሌሊት ወፍ በጆሮዎ ሥር ሲያልፍ ከመሰላሉ የወረዱበትን ፍጥነት ትምህርት ቤታችን ለስፖርት ሳምንት ቢያውቀው ኖሮ እላለሁ። ጋሽ ጀዕፈር አጥሩን ተደግፎ «ሱሪ የለውም ብዬ ነበር» አለ።

5ኛ. በማግሥቱ «ለኅብረተሰቡ ጤና ጠንቅ የሆኑ አራዊት ማርባት» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰን። የላኳቸው ወጣቶች ሁለቱን ባዶ ሣጥኖች በጀግንነት አወረዱ፤ ሦስተኛው ውስጥ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ሲሰሙ ግን እኛው እንድናወርደው ነግረውን ሄዱ። አቤት ለማለት ጽሕፈት ቤትዎ ስመጣ የዶሮ እርባታው ጠረጴዛ ጥርስ ያለው ነገር እኔን አይመለከትም አለኝ፤ የእንስሳት ጤናው ደግሞ ክንፍ ያለው ነገር እኔን አይመለከትም አለኝ። የሌሊት ወፍ የወፎች ግብር ሲመጣ አይጥ ነኝ፣ የአይጦች ግብር ሲመጣ ወፍ ነኝ ትላለች ሲሉን ነበር ያደግነው። እርስዎ ዘንድ ግን እሷ ምንም ሳትል ይህን የሚሉላት ሠራተኞች ተቀጥረዋል።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ የሌሊት ወፍ አጎበርን አይተካም፤ ቃናኒም ይተካል ብላ አታውቅም። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሣጥኑ ባለበት ይቆይ። ማር የለውም፣ ለሪፖርት አይመችም፣ ለእንግዳም አይሆንም። ነገር ግን ከለቅሶው ወዲህ እናቴ ከቤት የምትወጣው አመሻሽ ላይ፣ እነሱ ከሣጥኑ ሥር አንድ በአንድ ሲወድቁና ሳይወድቁ ሲበሩ ለማየት ነው። ነጠላዋን እስከ እጇ ተከናንባ ትቆማለች፤ ከበቆሎው በላይ እስኪጠፉ ትከተላቸዋለች፤ ከዚያ ገብታ ትንሽ እራት ትቀምሳለች። ሣጥኑ ከወረደ በኋላ እሷን ከቤት የሚያወጣ ሌላ ዘዴ ጽሕፈት ቤትዎ ካለው ዓርብ ሳይደርስ ይላክልን፤ ከሌለው መሰላላችንን ለማንም አናውስም።

ለሌላው ልጅ ማዕረግ ሳይጠየቁ የሚሰጡ፣ የሌላውን ሞት ምክንያት ሳይመረምሩ የሚያውቁ መሪ ስለሰጠን እያመሰገንሁ፣ ከዝቅተኛ አክብሮት የማይበልጥ ከፍተኛ አክብሮቴን እገልጻለሁ።

ቦዔዝ ነገሪ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ በሰልፍ ላይ እንዲነበብ
ለጋሽ ጀዕፈር፣ ቢነበብለት ደስ ስለሚለው

ማሳሰቢያ፦ ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ለ«ወ/ሪት ቃናኒ ነገሪ» ሲሆን፣ ሣጥኑን ለማውረዷ በአካል ቀርባ እንድትፈርም ያዛል። እኔ ላቀርባት አልቻልሁም። ፊርማዋ የግድ ካስፈለገ ያለችበትን ቦታ ያውቁታል፤ ቀብሯ ላይ ከፊት ነበር የቆሙት። መንገዱ ጠፍቶብዎት እንደሆነ ከትምህርት ቤት ስወጣ አደርስዎታለሁ።