አንቺን ለአንሙት የነገርኩት

የሺዬ፣

ልብሽ ደክሞ ከተለየሽኝ፣ ተዝካርሽንም ካወጣን ወዲህ ይኸው ሁለተኛው የበርበሬ ለቀማ ደረሰ። የቡሬ መሬት ዘንድሮም አልከፋም። ዛላውን ጆሮዋ ስር አንቀጫቅጫ መድረቁን የምትነግረኝ ግን የለችም፤ እኔው እሞክራለሁ፣ አይገባኝም።

ልጃችን ሙሉ፣ አባቴ ብቻውን እንዳይሆን ብላ ቴሌቪዥን ገዝታ ከአልጋችን ትይዩ ሰቀለችልኝ። እሑድ ከሰዓት ጎረቤቱ ሁሉ እኔ ቤት ይሰበሰባል፤ የሚወዱት ተከታታይ ድራማ አለ። በውስጡ አንዲት የአእምሮ ሕመምተኛ አለች። ጸጉሯን በትነው፣ ዓይኗን አስፈጥጠው፣ ቢላዋ አስይዘው ይለቋታል። ብቅ ስትል ዜማው ይለወጣል፣ እናቶችም ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ይስባሉ።

እኔ ግን አንቺን ነው የማውቀው። ድምፁ ሲመጣብሽ አንገትሽን ዘንበል አድርገሽ፣ ሰው ከሩቅ የጠራሽ ይመስል ታዳምጫለሽ። "አንተም ሰማህ?" ትይኛለሽ። "አልሰማሁም የሺ" ስልሽ፣ "እንግዲያ የእኔው ነው" ብለሽ ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ። የከፋ ቀንም ነበረሽ፤ ምግቡ መርዝ አለበት ብለሽ ከእጄ አልበላም ያልሽበት፣ ሙሉን አቅፈሽ በር የዘጋሽበት። ያኔም ቢሆን የምትሸሺ እንጂ የምታሳድጂ አልነበርሽም።

ባልንጀራዬን አንሙትን ታውቂው የለ? ወንድ ልጁ ደሴ ኮሌጅ ሄዶ ታሞ ተመለሰ። ብቻውን ያወራል፤ "ሰዎች ከግድግዳው ውስጥ ይሰድቡኛል" ይላል። አንሙትም እኔ ቤት ድራማውን ሲያይ ከርሞ፣ የልጁን እግር በገመድ አስሮ እህል ካለበት ጓዳ ቆለፈበት። ይህን ስሰማ ወደ ቤቱ ሄድኩ።

ዱላ ይዞ በሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ የገዛ ልጁን ይጠብቃል።

"ያቺን ሴትዮ አይተሃታል" አለኝ። "ቤተሰቧን በተኙበት አይደል የፈጀቻቸው?"

"እሷማ ተዋናይ ናት፤ ተከፍሏት የምትጫወት። የእኔን የሺን ረሳሃት?"

"የሺ ደግሞ ምን ነበረባት? የሺ እኮ ጤነኛ ነበረች።"

ለካ አያውቅም። ሰርጉ ላይ ወጥ የሠራሽለት፣ ዕድሜውን ሙሉ በርበሬ የሸጥሽለት ሰው አያውቅም። ሁለታችን ብቻ ይዘነው የኖርነው ነገር ነበርና እዚያ በር ላይ ቆሜ አመነታሁ። ልጁ ጓዳ ውስጥ ሲያስል ሰማሁት። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ድምፁንም፣ በየቀኑ የምትውጪውን ክኒንም፣ ሐኪም ቤት የተመላለስንበትንም።

"አንድ ቤት ስትኖሩ አትፈራትም ነበር?" አለኝ።

"እፈራላት ነበር እንጂ አልፈራኋትም" አልኩት።

ቁልፉን አውጥቶ ሰጠኝ። ደሴ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ገመዱን እየፈታሁ፣ "ሰዎቹ ምን ይሉሃል?" አልኩት።

"የአባትህን እህል በከንቱ የምትጨርስ ይሉኛል።"

አንሙት ዱላውን ከግድግዳው አስደግፎ ፊቱን አዞረ።

በማግስቱ ሦስታችን ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ሄድን፤ አንቺን ይዤ እሄድበት የነበረው መንገድ ነው። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘለት። የንስሐ አባታችንንም ጠየቅናቸው፤ "ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ክኒኑንም አያቋርጥ፤ ሁለቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው" አሉን። ከፍኖተ ሰላም ስንመለስ እንደ ልማድሽ ማንጎ ገዝቼ ነበር። አንቺ ሚኒባስ ውስጥ ለማታውቂው ሰው ሁሉ ታድይ ነበር። እኔ ግን አልሆነልኝም፤ ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ ነበርና፣ ፌስታሉን ጭኔ ላይ እንደያዝኩ ቡሬ ገባን።

ደሴ ድኗል አልልሽም። መድኃኒቱ ያደነዝዘዋል፤ ወደ ኮሌጁም አልተመለሰም። ግን ከአባቱ ጋር ከአንድ ማዕድ ይበላል፤ ቀን ሲቀናውም ለቀማ ያግዘኛል። ድራማውም አላለቀም፤ ሰዉም መምጣቱን አልተወም። ሴትዮዋ ብቅ ስትል አሁን አንሙት ነው ቀድሞ የሚናገረው፦ "ይኼ የድራማ ሠሪዎቹ ወሬ ነው፤ የሺን እናውቃት የለ?" ያኔ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል። ስለ አንቺ እንዳወራ ይጠይቁኛል፤ እኔም አወራለሁ። ሲወጡ ቤቱ ጭር ይላል። ያንቺን የአልጋ ግማሽ ዛሬም አልተኛበትም።

ፈቃድሽን ሳልጠይቅ ምስጢርሽን አውጥቻለሁና አትቀየሚኝ። ከእንግዲህ ስለ አንቺ የሚጠይቀኝ ሁሉ እንደነበርሽ ይሰማል። ሕመምሽን ደብቄ ደግነትሽን ብቻ አላወራም፤ ሕመምሽን ብቻም አላወራም። ምላሴ እስኪተሳሰር ድረስ የሺን ሙሉዋን እናገራለሁ።

ባልሽ