በነሐሴ የሰበርኩት እግርሽ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለሐዳሳ፤

እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? ምግቡስ ተስማማሽ? ጤናሽን ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እጠይቃለሁ፤ በተለይ እግርሽን። ምክንያቱን ወረድ ብለሽ ታገኚዋለሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እኔ ብቻ ደክሞኛል።

ነሐሴ ላይ፣ ከውጭ አገር መመለሻሽ ሲደርስ፣ «ሮቢ፣ ለትምህርት ክፍሉ አንድ ነገር በላቸው» የሚል መልእክት ላክሽልኝና ጠፋሽ። ከዘጠነኛ ክፍል የቀረሁ የቢሮ ተላላኪ ለእነዚያ ሁሉ ዶክተሮች ምን ልበል? እዚህ ክረምት ስለነበር እዚያም የባሰበት መሰለኝና በረዶ አንሸራቷት እግሯ ተሰብሯል አልኳቸው። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። እሑድ መጋቢያችን ስምሽን ጠርተው ጉባኤው በሙሉ ለእግርሽ ጸለየ። እማዬ ሦስት ቀን ጾመች። በዚህ ጾምማ ያልተሰበረውም ይጠነክራል ብላት ነጠላ ጫማዋን ወረወረችብኝ።

ካንቺ ቀጥላ የምትሄደው ኢያኤል መሆኗን አትረሺም። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያለን ስምምነት አንዱ መምህር ሳይመለስ ሌላው አይሄድም ይላል። ሻንጣዋን ገዝታ፣ ያንቺንም ኮርስ ደርባ እያስተማረች፣ ይኸው አራት ወር ሙሉ ትጠብቃለች። በየጠዋቱ ሐዳሳ መራመድ ጀመረች ወይ ትለኛለች። መጀመሪያ መጀመሪያ፣ በምርኩዝ እየጨፈረች ነው እያልኩ አስቃት ነበር። ኋላ ግን ስትመጣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ መደበቅ ጀመርኩ።

ባለፈው ሰኞ ያንቺ ፕሮፌሰር ስምምነቱን ለማደስ መጡ። እንግዳ ሲመጣ የምናደርገውን ታውቂያለሽ፤ ግድግዳ ቀባን፣ ባነር ሰቀልን፣ እኔም ወንበር ስሸከም ትከሻዬ ተላጠ። ሻይ ሰዓት ላይ ኢያኤል የሐዳሳ እግር እንዴት ሆነላት ብላ ጠየቀቻቸው። ሰውዬው ግራ ገባቸው። በየቀኑ በብስክሌት ትመጣለች፤ ደግሞስ በነሐሴ እኛ አገር በረዶ ከየት መጣ አሉ። እኔ የሳምቡሳውን ትሪ እንደያዝኩ ደረቅሁ። ኢያኤል አልተቆጣችም። «እንኳን ደህና ሆነች» ብላኝ ወደ ክፍሏ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኃላፊያችን ዶክተር በኃይሉ እስከ ጥር መጨረሻ ካልመጣሽ፣ ወይም በፊርማሽ ቦታውን ካልለቀቅሽ፣ ስምምነቱ እንደማይታደስ ነግረውኛል። እዚያ መቅረት ከፈለግሽ ቅሪ፤ እማዬን እኔ አባብላታለሁ። ግን ለኢያኤል ራስሽ ጻፊላት። እኔ ውሸት ሰልችቶኛል፤ እኔን ውሸት ከሰለቸኝ ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ አንቺው ገምቺ። ስልክ ስለማታነሺ ይህን ደብዳቤ ለፕሮፌሰሩ ሰጥቻቸዋለሁ፤ እጅሽ ላይ ያደርሱታል።

እማዬ ድምፅሽን ብቻ አሰሚኝ ትልሻለች። አባዬ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ሰላም በልልኝ አለ። ትንሹ ወንድማችን ኢዮስያስ ሁለት ጥርሱ ወልቋል፤ በድዱ ይስምሻል። ኢያኤል ሰላምታ አልላከችም፤ እኔም ልጠይቃት አልደፈርኩም።

ወንድምሽ ሮቢ
ሐዋሳ፣ መናኸሪያ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.