ሊሸጥ የነበረው የእማማ በላይነሽ ቤት

ግርምሽ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን እንደ አቅማችን አውጥተናል። ልጅህ ሕሊና አምስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። እኔም ያው ቂሊንጦ ልብስ ስፌት ፋብሪካው ነኝ። ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንተን ዋሽቼህ አላውቅምና እውነቱን ልንገርህ፤ ፈርቻለሁ።

አሥራ አንድ ዓመት የኖርንበትን ቤት አከራያችን ለልጃቸው ሊሰጡት ነው። እስከ ሰኔ መጨረሻ እንድንለቅ ነገሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲነግሩኝ ቀና ብለው አላዩኝም። አንተ ባጠራቀምክልን አነስ ያለች ቤት ልግዛ ብዬ ተነሣሁ። የሚሸጥ ቤት ግን የለም። ያለው ሰው አይሸጥም፤ አንዱ ሲሸጥም ደላላው ደውሎልኝ ከሥራ አስፈቅጄ እስክደርስ ሌላ ሰው ይዞታል። ከሳሪስ አቦ እስከ ገላን ኮንዶሚኒየም ያልረገጥኩት ኮብልስቶን የለም። ሕሊና በፊት በር ላይ ጠብቃ ዛሬስ አገኘሽ ትለኝ ነበር። አሁን መጠየቁን ትታለች፤ እሱ ነው የባሰ ያስፈራኝ።

በግንቦት አንድ ቤት ተገኘ፤ ከኮንዶሚኒየሙ ወረድ ብሎ፣ ሁለት ክፍል፣ አንዲት ሰርቪስ ቤት፣ ትንሽ ጓሮ። ሻጩ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። ቤቱ የእናቱ እንደሆነ ነግሮ ውክልናውን አሳየኝ። እናቱ ጸበል እንደሄዱና ሲመለሱ እሱ ጋ እንደሚኖሩ ነገረኝ። ደላላው ሌሎች ገዢዎች እየጠበቁ ነው ብሎ ልቤን አንጠለጠለው። ሰኞ ጠዋት ልንፈርም ተስማማን።

ፍሪጁን ስንገዛ እኔን ፀሐይ ላይ አቁመህ ሱቁ ሦስት ጊዜ ተመላልሰህ ማየትህ ትዝ ይልሃል? ያን ቀን ተናድጄብህ ነበር። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግን እኔም እንዳንተ ቤቱን ደግሜ ልየው አልኩና ለማንም ሳልናገር ሄድኩ።

በሩን የከፈቱልኝ አንዲት አሮጊት ናቸው፤ እጃቸው ጭቃ በጭቃ ነው። እማማ በላይነሽ ይባላሉ፤ የሻጩ እናት ናቸው። የእድር ሰው መሰልኳቸውና ግቢ አሉኝ። ጸበል የሚባል ነገር አልሄዱም፤ ቤቱን ያየሁ ቀን ዘመድ ጥየቃ ወጥተው ነበር። ጓሮ ውስጥ የጎመን ችግኝ እየተከሉ አገኘኋቸው። ክረምቱ ካልጎዳው ለእንቁጣጣሽ እንበላዋለን አሉኝ።

ያኔ ገባኝ፣ ግርምሽ። ቤቱን የሚለቅ ሰው ለእንቁጣጣሽ ጎመን አይተክልም።

ያደረግኩትን ሳልደብቅ ልንገርህ። ዝም ብዬ ወጣሁ። አስፋልቱ ድረስ ሄጃለሁ። ነገ ከፈረምኩ ሕሊና ቤት አላት፤ ካልፈረምኩ ሰኔ ሲያልቅ የት እንደምንገባ አላውቅም። እኔ ብተወውም ሌላው ይገዛዋል፣ እሳቸው እንደሆነ አይተርፉም እያልኩ ራሴን ሳባብል ቆየሁ። ኋላ ተመለስኩ።

«እማማ፣ ይሄ ቤት ሊሸጥ መሆኑን ያውቃሉ?»

«የትኛው ቤት?»

ነገርኳቸው። ለካ ልጃቸው ውክልናውን ለመብራት ቆጣሪ ጉዳይ ነው ብሎ አስፈርሟቸው ኖሯል። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«ለመሆኑ ማን ነው የሚገዛው?»

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ነገ አብረሽኝ ሂጂ ብለው ለመኑኝ። ሰኞ የቤቱን ውል ልፈርምበት በነበረው ሰዓት እሳቸውን ደግፌ ሄድንና ውክልናውን አሻሩ።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ደወለ። አልጮኸም። ልጄ የት እንደምትማር እንደሚያውቅ ብቻ ነግሮኝ ዘጋው። የነገርኩት ራሴ ነኝ፤ ቤቱን ያየሁ ቀን ትምህርት ቤቷ ቅርብ ነው ብዬ ደስታዬን አካፍዬው ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ አመለከትኩ። ከዚያ ወዲህ ሕሊናን እጇን ይዤ አደርሳታለሁ፤ ስትወጣ ጎረቤታችን ታመጣታለች። ከኋላችን ሞተር ሳይክል ሲመጣ ልቤ ትዘላለች፤ ልጅቷ እንዳትነቃብኝ ስለ ፈተናዋ እጠይቃታለሁ። አንተ ብትኖር በየት በኩል እንደምትሄድ እያሰብኩ እሷን ወደ ግድግዳው በኩል አደርጋታለሁ።

ሰኔ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀር እማማ በላይነሽ ምርኩዛቸውን ይዘው ቤታችን መጡ። የራስሽን እስክታገኚ ሰርቪሷ ውስጥ ግቢ አሉኝ። ልጃቸው ቢመጣስ ብዬ ፈራሁ፤ ይቅርብኝ አልኳቸው።

«እኔም እኮ ብቻዬን ስሆን ነው የምፈራው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት አቃተኝ።

ቅዳሜ እንገባለን። ቁም ሣጥኑ ስለማይገባ ለጎረቤት ሰጠሁት፤ ልብሶችህን ግን አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ አድርጌያቸዋለሁ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ቤት መፈለጌንም አልተውኩም። እማማ አንተን አያውቁህም። እነግራቸዋለሁ፤ ስትስቅ አፍህን በእጅህ እንደምትሸፍን፣ ሕሊና የተወለደች ቀን በጥድፊያ የተለያየ ጫማ አድርገህ ሐኪም ቤት እንደመጣህ፣ አንድም አላስቀርም። ተረሳሁ ብለህ አትስጋ። እዚያ ግቢ ስንገባ አንተን የሚያውቅህ ሰው በአንድ ይጨምራል።

ያንተዋ ዘነበች