ያልተቆረጠው ማጠፊያ

ይድረስ ለወንድሜ ኢክራማ፣ ጎዴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እኛ የቃሊቲን አቧራ እየዋጥን አለን፣ አልሐምዱሊላህ። ልጄ ተቅዋ የፊት ጥርሷ ወልቆ «ኢክራማ» ማለት አቅቷታል።

ባሌ ጅብሪል ከአሮጌ ብረቱ ጋር የአውሮፕላን ጅራት አምጥቶ ግቢውን ዘግቶታል፤ ልብስ የማሰጣበት እንኳ አጣሁ። አውሮፕላኑን ሽቅብና ቁልቁል የሚያደርገው ብለህ ያስረዳኸኝ ኤሌቬተር አለበት። ማጠፊያው ተሰንጥቋል። እንዲህ ያለውን ማንም መልሶ አውሮፕላን ላይ እንዳይገጥመው እነ ጅብሪል ለሁለት ቆርጠው ነበር የሚሸጡት። ባለፈው ሳምንት የተሸጠው ስንጥቅ ማጠፊያ ግን ሳይቆረጥ፣ ቀለም ተቀብቶ ሄደ። ብጠይቀው «መጋዙ ተበላሽቶ ነው» አለኝ። መጋዙን እኔው ሞከርኩት፤ ደህና አድርጎ ይቆርጣል።

ገዢው ትሁት ሰው ነው፤ «እህቴ» እያለ አነጋገረኝ። ሸሚዙ ላይ ያለችው ቢጫ ወፍ አንተ በላክልን ፎቶ የአብራሪነት ሸሚዝህ ላይ ያለችዋ ናት።

በስልክ ያልነገርኩህ ጅብሪል ከጎኔ ስለማይጠፋ ነው። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ለአለቆችህ «ታምሜያለሁ፣ አላበርም» በልና ለአረፋ በአውቶቡስ ና። ሦስት ቀን ቢፈጅብህም አታጉረምርም። የውሸቱ ወንጀል በእኔ ይሁን፤ እዚህ ቤት የባሰ ተዋሽቷል።

እግርህ መሬት እንደረገጠ አላህ ያገናኘን።

እህትህ ሳዲያ